ሰርች የሚጠልፍ ኤክስቴንሽን እንዴት ይነቀላል? ተመልሶ እንዳይመጣስ ምን ይደረግ?

ጉግል ላይ «የዛሬ የዶላር ምንዛሪ» ብላችሁ ጽፋችሁ ኢንተር ትጫናላችሁ። የማታውቁት አድራሻ ከላይ ብልጭ ብሎ ያልፍና ውጤቱ በያሁ ወይም በቢንግ ይመጣል። አንዳንዴም ስሙን ሰምታችሁት በማታውቁት ገጽ። ከላይ የተደረደረው ሁሉ ማስታወቂያ ነው። ኔትወርኩ አይደለም፣ ጉግልም አልተበላሸም። ብዙውን ጊዜ ብሮውዘራችሁ ውስጥ የገባ ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ብሮውዘሩ ላይ ተጨማሪ ሥራ እንዲሠራ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም ነው።

የሚሠራው ለገንዘብ ነው። ሰርቻችሁን በራሱ በኩል አሳልፎ ወደ ሌላ ገጽ ይልከዋል። እዚያ ከምትነኩት ማስታወቂያ ባለቤቱ ድርሻውን ይወስዳል። በዚህ ቢያበቃ ማናደድ ብቻ ነበር። ግን ብዙዎቹ ሲጫኑ በሁሉም ድረ ገጽ ላይ ያለውን መረጃ የማንበብና የመቀየር ፈቃድ ይወስዳሉ። ይህ ፈቃድ ያለው ኤክስቴንሽን ኢሜላችሁን ስትከፍቱ ማየት ይችላል። የባንክ ገጽ ላይ ፓስወርድ ስትጽፉም እንደዚያው። ስለዚህ «ለምጄዋለሁ፣ ይቅር» የሚባል ነገር አይደለም።

ኮምፒውተር ቤት ስትወስዱት መልሱ ብዙ ጊዜ «ፎርማት ይደረግ» ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። የሠርግ ፎቶው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የሒሳብ ፋይሉ ከጠፋ በኋላ በጉግል አካውንታችሁ ስትገቡ ያው ኤክስቴንሽን በሲንክ (በአንድ አካውንት የተገባባቸውን ብሮውዘሮች በሚያመሳስለው አገልግሎት) ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ኤክስቴንሽኑን ማጥፋት ከባድ አይደለም። ከባዱ የሚመልሰውን ነገር ማግኘት ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት በዊንዶውስ ላይ ለሚሠራ ክሮም ነው። ኤጅም ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ በቅድሚያ። በተጠለፈው ብሮውዘር «ይህን ኤክስቴንሽን እንዴት ላጥፋ» ብላችሁ አትፈልጉ። ከላይ የሚመጣላችሁ «ነጻ ማጽጃ» ራሱ ሌላ ጣጣ ሊሆን ይችላል። መመሪያ ካስፈለጋችሁ በስልካችሁ አንብቡ።

ቀላሉን መጀመሪያ ሞክሩ

ከላይ በስተቀኝ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ተጭናችሁ «ኤክስቴንሽንስ»፣ ከዚያ «ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ» ግቡ። ፋየርፎክስ ላይ ሦስቱን መስመሮች ተጭናችሁ ኤክስቴንሽንስ ወይም አድኦንስ የሚለውን ክፈቱ።

ዝርዝሩ ውስጥ «ቫይረስ» የሚል ስም አትጠብቁ። ፒዲኤፍ መቀየሪያ፣ ቪዲዮ ማውረጃ፣ የአየር ጠባይ፣ የኩፖን መፈለጊያ እየተባሉ ነው የሚመጡት። ሁሉንም አጥፉና ሰርች አድርጉ። ችግሩ ከቆመ አንድ በአንድ እያበራችሁ ሞክሩ። ችግሩ የተመለሰበት እሱ ነው። «ሪሙቭ» ተጫኑ።

«ይሄ እንኳን የቆየ ነው፣ ምንም ሆኖ አያውቅም» ብላችሁ አትለፉ። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የሚባል ብዙ ሰው የሚወደው ኤክስቴንሽን ነበር። በ2020 ለሌላ ባለቤት ተሸጠ። በየካቲት 2021 (እንደ ፈረንጆቹ) ጉግል ማልዌር (ጎጂ ሶፍትዌር) አለበት ብሎ ከሰው ብሮውዘር ላይ አጠፋው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ ሳይበርሄቨን በሚባል የመረጃ ደህንነት ኩባንያ የሚሠራ ሰው በማጭበርበሪያ ኢሜል ተታሎ በኩባንያው ኤክስቴንሽን ስም የተበከለ አፕዴት ለተጠቃሚዎች ተላከ። ጥሩው ኤክስቴንሽን ተኝታችሁ ሳለ መጥፎ ሊሆን ይችላል። የማትጠቀሙበትን ሁሉ አስወግዱት።

ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ «ሰርች ኢንጂን» እና «ኦን ስታርታፕ» የሚሉትን ተመልከቱ። የማታውቁት አድራሻ ካለ ሰርዙት። ብሮውዘሩን ዘግታችሁ ክፈቱ። ካልተመለሰ ወደ ሲንኩና ወደ ፓስወርዱ ክፍል ዝለሉ።

«ሪሙቭ» የሚለው ከሌለ

ሰው ላፕቶፑን ይዞልኝ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ደርሶ ነው። ኤክስቴንሽኑ ይታያል፣ ግን «ሪሙቭ» የሚለው የለም። ማብሪያ ማጥፊያውም ደብዝዞ አይነካም። ሦስቱን ነጥቦች ሲጫን ከሜኑው ግርጌ «ማኔጅድ ባይ ዩር ኦርጋናይዜሽን» ይላል፣ በድርጅትዎ የሚተዳደር እንደ ማለት። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤት ከሆነ ይህ ትክክለኛ ነገር ነው። አትነካኩት፣ ለአይቲ ክፍል ንገሩ። የግላችሁ ከሆነ ግን ድርጅት የለም። አጥቂው መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞቻቸውን ብሮውዘር ለማዘዝ የሚጠቀሙበትን የፖሊሲ ቦታ ይዞ ራሱን አስተዳዳሪ አድርጎ ነው። አንዳንድ ጸረ ቫይረሶችም ይህን ጽሑፍ ስለሚያመጡ ጽሑፉን ብቻ አይታችሁ አትደምድሙ።

ለማረጋገጥ አድራሻ መጻፊያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ክሮም» ብላችሁ፣ ኮለን፣ ሁለት ስላሽ፣ ከዚያ «ፖሊሲ» ጻፉ። ዝርዝሩ ውስጥ «ኤክስቴንሽን ኢንስቶል ፎርስሊስት» የሚል ካለ ተገኝቷል። በግድ ጫን ማለት ነው። ከጎኑ 32 ፊደላት ያሉት መለያ ታያላችሁ፣ ሁሉም ከኤ እስከ ፒ ባሉት ፊደላት ብቻ የተጻፉ። ኮፒ አድርጋችሁ ኖትፓድ ላይ አስቀምጡት፣ ኋላ ያስፈልጋል።

አሁን ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አብዛኛው ሰው መጀመሪያ ፖሊሲውን ያጠፋና ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ያገኘዋል። ከጀርባ እየተነሳ የሚመልሰው ሥራ ስላለ ነው። ቧንቧው ክፍት ሆኖ ወለል መወልወል ይሆናል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚመልሰውን አቁሙ።

ክሮምን ዝጉ። ታስክ ማኔጀር ውስጥም ገብታችሁ ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን እዩ፣ ክሮም ከጀርባ መሥራት ስለሚወድ። ቀጥሎ ስታርት ላይ «ታስክ ስኬጁለር» (ዊንዶውስ በሰዓቱ በራሱ የሚያስነሳቸው ሥራዎች የሚዘረዘሩበት) ብላችሁ ፈልጉና «ታስክ ስኬጁለር ላይብረሪ» ውስጥ ግቡ። ስሙን አትመኑ፣ ብዙዎቹ «አፕዴት» የሚል ስም ይይዛሉ። የምታዩት «አክሽንስ» የሚለውን ነው። ፓወርሼል (የዊንዶውስ የትእዛዝ ማስፈጸሚያ) የሚያስነሳና ከኋላው ረጅም ትርጉም የለሽ የፊደል ድርድር የተከተለው ከሆነ፣ ወይም «አፕዳታ» ወይም «ቴምፕ» ፎልደር ውስጥ ያለ የማታውቁትን ስክሪፕት የሚጠራ ከሆነ፣ በየጥቂት ደቂቃውም የሚነሳ ከሆነ፣ ተጠርጣሪው እሱ ነው። ወዲያው አትሰርዙት። «ዲሴብል» አድርጉት። ኮምፒውተሩ ደህና መሥራቱን ካያችሁ በኋላ ትሰርዙታላችሁ። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ካለው የጉግል ፎልደር የሚነሱትን ተዉአቸው፣ እውነተኛዎቹ የክሮም ማደሻዎች ናቸው።

በ2022 ብዙ ሰው ያስቸገረው ክሮምሎደር የሚባለው ማልዌር የሚሠራው በዚህ መንገድ ነበር። ክራክ የተደረገ ጌም ወይም ሶፍትዌር መስሎ በአይኤስኦ (የዲስክ ቅጂ) ፋይል ይመጣል። ስትከፍቱት ስኬጁል የተደረገ ሥራ ያስቀምጣል፣ ያም ፓወርሼል እየጠራ ኤክስቴንሽኑን ይጭናል። ኤክስቴንሽኖች የሚዘረዘሩበትን ገጽ ስትከፍቱ ወደ ሌላ ገጽ የሚያባርርም ነበር። ከቴሌግራም ቻናል ክራክ ለምታወርዱ ሁሉ ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ በነጻ የተገኘው ኦፊስ ዋጋው እዚህ ይከፈላል።

ሥራው ከቆመ በኋላ ስታርት ላይ ፈልጋችሁ «ሬጅስትሪ ኤዲተር» ክፈቱ፣ የዊንዶውስ ውስጣዊ ቅንብሮች የሚታዩበት ነው። እዚህ ቦታ መቸኮል ዊንዶውስን ሊያበላሽ ስለሚችል ከመንካታችሁ በፊት ፋይል፣ ኤክስፖርት ብላችሁ ባክአፕ ያዙ። ከዚያ «ሎካል ማሽን» በሚለው ሥር ሶፍትዌር፣ ፖሊሲስ፣ ጉግል፣ ክሮም እያላችሁ ውረዱ። ቅድም ኮፒ ያደረጋችሁትን መለያ እዚያ ታገኙታላችሁ። በግል ኮምፒውተር ላይ «ክሮም» የሚለውን ፎልደር እንዳለ መሰረዝ ይቻላል። «ከረንት ዩዘር» በሚለው ሥርም ያንኑ መንገድ ተከተሉ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ለኤጅ ደግሞ ፖሊሲስ ውስጥ ማይክሮሶፍት፣ ኤጅ የሚለው ነው።

ሪስታርት አድርጋችሁ ፖሊሲው ከተመለሰ ሌላ መደበቂያ አለ። ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32 ውስጥ «ግሩፕ ፖሊሲ» የሚል የተደበቀ ፎልደር አለ። ስሙን ቀይሩት፣ አትሰርዙት። ሬጅስትሪውን እንደገና አጽዱና ሪስታርት አድርጉ።

የክሮም ሾርትከትም ይታይ። ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ታርጌት»። ከፕሮግራሙ ስም በኋላ «ሎድ ኤክስቴንሽን» የሚል ከተቀጠለ ያንን ሾርትከት ጥላችሁ አዲስ ሥሩ። «ፕሮፋይል ዳይረክተሪ» የሚል ካለ ግን ችግር የለውም። ፕሮግራሞቻችሁንም በተጫኑበት ቀን ደርድሩና ችግሩ በጀመረበት ሰሞን የገባውን አንኢንስቶል አድርጉ። ማክ የምትጠቀሙ ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ «ፕሮፋይልስ» ብላችሁ ፈልጉ። ያላስገባችሁት ፕሮፋይል ካለ አስወግዱት።

ሲንክ

አንድ ዘመዴ ላፕቶፑ ንጹህ ሆኖ ሄደ፣ በማግስቱ «ተመልሷል» ብሎ ደወለ። ለካ ቢሮ ባለው ኮምፒውተርም በዚያው የጉግል አካውንት ገብቷል። ኤክስቴንሽኑ እዚያ እንዳለ ነበር፣ ሲንኩ ወደ ቤት ይልከዋል። አካውንታችሁ ክፍት የሆነበትን ኮምፒውተር ሁሉ አስቡ፣ የኢንተርኔት ካፌውንም ጭምር። በሁሉም ላይ የሲንክ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ «ኤክስቴንሽንስ» የሚለውን ብቻ አጥፉ። ቡክማርክና ፓስወርድ አይነካም። ከዚያ እያንዳንዱን አጽዱ።

ቀጥሎ ክሮም ሴቲንግ ውስጥ «ሪሴት ሴቲንግስ» አድርጉ። ቡክማርክ፣ ሂስትሪና የተቀመጠ ፓስወርድ አይጠፋም። ድረ ገጾች ላይ ግን እንደገና ሎግኢን ማድረግ ይኖርባችኋል። ለፍተሻ አድደብልዩክሊነርን እመርጣለሁ፣ የማልዌርባይትስ ነው፣ ነጻ ነው፣ መጫንም አይፈልግም። የዊንዶውስ ዲፌንደር «ኦፍላይን ስካን» ተጨምሮበት ይበቃል። ገንዘብ አትክፈሉ። «በክሮም ውስጥ ያለውን ማጽጃ ተጠቀሙ» የሚሉ ቪዲዮዎች አሮጌ ናቸው፣ ጉግል በ2023 አንስቶታል።

አንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው የጉግል ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ስልካችሁ ላይ ማስታወቂያ የሚጎርፍ ከሆነ የተጫነ አፕ ወይም «አላው» ያላችሁት የድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ነው።

ፓስወርድ

የሚቀየረው ኮምፒውተሩ ከጸዳ በኋላ ነው። ቀድማችሁ በተጠለፈው ብሮውዘር ላይ ከቀየራችሁ አዲሱንም አብሮ ሊያየው ይችላል። መጠበቅ ካልቻላችሁ በስልክ ቀይሩ። ከኢሜል ጀምሩ፣ ቀጥሎ ባንክ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ። ቴሌግራምን በብሮውዘር ትጠቀሙ ከነበረ ስልካችሁ ላይ ሴቲንግ፣ «ዲቫይስስ» ገብታችሁ ሌሎቹን ሁሉ አስወጡ። ፓስወርድ ሳይሰረቅም የተከፈተ ሎግኢን ሊወሰድ ይችላል።

ኮምፒውተሩን እንደ ወትሮው ስትጠቀሙበት ዋሉ። በማግስቱ የፖሊሲ ገጹን እንደገና ክፈቱ። ፎርስሊስቱ ከሌለ፣ ሰርቹም ቀጥታ ጉግል ላይ ከቆየ፣ ዲሴብል ያደረጋችሁትን ሥራ ሰርዙና የኤክስቴንሽን ሲንኩን መልሳችሁ አብሩ።