ከሙቀጫ ምት እስከ ሙሉ ትራክ፦ ጅማ ላይ ሆኖ በነፃ ሶፍትዌር ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሥራት

ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለመሥራት ስቱዲዮ መከራየት፣ ውድ ኪቦርድ መግዛት ወይም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ የነበረበት ጊዜ አልፏል። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ያገለገለ ላፕቶፕ፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክና ደህና ኢርፎን ያለው የጅማ ነዋሪ፣ ከሥራ ወይም ከትምህርት መልስ ማታ ማታ ቤቱ ተቀምጦ፣ ለሶፍትዌር አንድ ብር ሳያወጣ አንድን ትራክ ከመጀመሪያዋ ምት እስከ ፍጻሜው ሊያደርሰው ይችላል። ጀማሪዎችን በብዛት የሚያሰናክላቸው የድምፅ መብዛት ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ነፃ ሳምፕሎች (ለሙዚቃ መሥሪያ የሚሆኑ አጫጭር የድምፅ ቁራጮች) ይወርዳሉ፣ ዲስኩ ይሞላል፣ ሌሊቱ እነሱን በመስማት ያልቃል፤ ዜማ ግን አይወለድም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚነሳው ከስድስት ከማይበልጡ ድምፆች ሲሆን፣ አብዛኞቹን አንባቢው ራሱ ከቤቱ የሚቀዳቸው ናቸው።

ለሥራው ሁለት ፕሮግራሞች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ኦዳሲቲ የተቀዳ ድምፅን ለመቁረጥ፣ ለማጽዳትና የፋይል ዓይነት ለመቀየር ያገለግላል። ሁለተኛው ኤልኤምኤምኤስ የተቆረጡትን ድምፆች በሪትም ለመደርደር፣ ዜማ ለመጻፍና ለማቀናበር የሚውል ሲሆን፣ በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም ላይ ይጫናል። ኤልኤምኤምኤስ 1.2 ከማይክሮፎን በቀጥታ ድምፅ ስለማይቀዳ ነው ሁለቱ ተጣምረው የሚያስፈልጉት። በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩትን ክራክ የተደረጉ ፕሮግራሞች ግን አልመክርም፤ ከሕጉ ጥያቄ በተጨማሪ ብዙ ጊዜ ቫይረስ ይዘው ይመጣሉ። ኤፍኤል ስቱዲዮን መሞከር የሚፈልግ ሰው የሙከራ ቅጂውን ከአምራቹ ገጽ በነፃ ማውረድ ይችላል፤ ነገር ግን የሙከራ ቅጂው አንድ ጊዜ የተቀመጠን ሥራ መልሶ ስለማይከፍት፣ ትራክን ለሳምንታት እያሻሻሉ ለመሥራት አይመችም።

ድምፅ መቅዳት

ጅማ ውስጥ ለሳምፕል የሚሆን ድምፅ ለማግኘት ከግቢ መውጣት እንኳ አያስፈልግም። ቡና ሲወቀጥ የሚሰማው የሙቀጫና የዘነዘና ድምፅ ለኪክ (ለወፍራሙ የከበሮ ምት)፣ ጥሬ ቡና በምጣድ ላይ ሲታመስ የሚያሰማው ድምፅ ለሻከር (ለሽክሽክታው)፣ ስኒ ከስኒ ሲነካካ የሚወጣው ጥርት ያለ ድምፅ ለዜማ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደው ዝናብ ደግሞ ለሃይ ሃት (ጸናጽል ለሚመስለው ቀጭን ምት) ይሆናል። (ዝናቡን ለረጅም ጊዜ መጠበቅ እንደማያስፈልግ ለጅማ ሰው መንገር አያሻም።)

ሙቀጫውን ሲቀዱ ስልኩን መሬት ላይ አያስቀምጡት፤ የውቀጣው ንዝረት በወለሉ በኩል ይተላለፍና ቅጂውን ጎርናና ያደርገዋል። በርጩማ ላይ ጋቢ ወይም ፎጣ አጥፈው ስልኩን በላዩ ያድርጉና ከሙቀጫው ግማሽ ሜትር ያህል ያርቁት። ከዚህ በጣም ከቀረበ ጠንካራው ምት የማይክሮፎኑን አቅም ያልፍና ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀን ድምፅ ኋላ ላይ መጠገን ደግሞ አድካሚ ነው። መቅጃው መተግበሪያ ምርጫ የሚሰጥ ከሆነ ፋይሉን በዌቭ እንዲያስቀምጥ ያድርጉት። ብዙ ስልኮች በኤም4ኤ ያስቀምጣሉ፤ ዊንዶውስ ላይ ያለ ኦዳሲቲ ደግሞ ይህን ዓይነት ፋይል የሚከፍተው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ተጨማሪ ፕሮግራም ሲጫንለት ብቻ ነው።

ለቅጂ የሚመረጠው ሰዓት ባጃጆች መንገዱን ከመሙላታቸው በፊት ያለው ማለዳ ነው። ውቀጣው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ያህል የክፍሉን ጸጥታ ብቻ ይቅዱ፤ ኦዳሲቲ ‘ኖይዝ ሪዳክሽን’ በተባለው መሣሪያው የጀርባውን ሹክሹክታ ለይቶ የሚያነሳው ከዚህች ባዶ ክፍል ተነስቶ ነውና። መሣሪያውን በልኩ መጠቀም ይገባል፤ ሲበዛ ለድምፁ የብረት ቃና ይሰጠዋል። የሚወቅጡት እናትዎ ወይም ጎረቤትዎ ከሆኑ እንደ ልማዳቸው እንዲወቅጡ ይተዉዋቸው እንጂ ምታቸውን እኩል እንዲያደርጉ አይጠይቋቸው። በምቶቹ መካከል ያለው የጉልበት ልዩነት በኋላ ሪትሙን ሕይወት የሚሰጠው ነው። ንግግራቸው አብሮ ከተቀዳና ትራኩ ውስጥ ሊገባ ከሆነ ግን አስቀድሞ ፈቃዳቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል።

መቁረጥ

ትራኩ የሚቃናው ወይም የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ አትኩሮ መሥራት ይበጃል። ቅጂውን ኦዳሲቲ ላይ ከፍተው ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ የሆኑ ሦስት ምቶችን ይምረጡ። አንዱን ምት አጉልተው ሲመለከቱት ድምፁ በድንገት የሚነሳበት ነጥብ በግልጽ ይታያል፤ የሚቆረጠውም ከዚያ ነው። ከምቱ በፊት 20 ሚሊሰከንድ ጸጥታ እንኳ ከተረፈ፣ ኪኩ ከሌሎቹ ድምፆች ጋር ሲደረደር ሁልጊዜ የዘገየ ይመስላል፤ ብዙ ጀማሪዎች ሪትማቸው ለምን እንደሚያነክስ ሳይገባቸው የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። የተመረጠውን ክፍል ይዘው ‘ዜድ’ የሚለውን ቁልፍ ሲጫኑ ኦዳሲቲ ጫፎቹን ሞገዱ ዜሮ ወደሚሆንበት ነጥብ ያስጠጋቸዋል፤ በመቁረጫው ላይ የሚሰማው ‘ጠቅ’ የሚል ድምፅም ይጠፋል። ከዚያ መጨረሻው ላይ ‘ፌድ አውት’ (ድምፁ ቀስ በቀስ እንዲጠፋ) አድርገው፣ በ‘ኖርማላይዝ’ ከፍተኛውን ነጥብ ወደ 1 ዴሲቤል ከዜሮ በታች ያምጡት። ነጠላ ምቶችን በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) ማስቀመጥ በቂ ነው፤ በ44,100 ኸርዝና በ16 ቢት የተቀመጠ የስቴሪዮ ዌቭ በደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ሲይዝ ሞኖው ግማሹን ብቻ ይወስዳል።

የሙቀጫ ምት የእንጨት ቃናው ያምራል፣ ነገር ግን ብቻውን ደረትን የሚመታ ጥልቀት የለውም። ስለዚህ ኤልኤምኤምኤስ ውስጥ ‘ኪከር’ የተባለውን መሣሪያ ከሥሩ ማስገባት ያስፈልጋል። ኪከር ከከፍተኛ ድግግሞሽ (ከቀጭን ድምፅ) ጀምሮ ወደ ዝቅተኛው (ወደ ወፍራሙ) የሚወርድ አጭር ድምፅ ያወጣል፤ መጨረሻውን ወደ 50 ኸርዝ አካባቢ ያድርጉት። ሙቀጫውን ደግሞ በ‘ሃይ ፓስ ፊልተር’ ከ120 ኸርዝ በታች ያለውን ያስወግዱለት፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ እንዳይጋፉ ነው። የስልክ ስፒከር 50 ኸርዝን ማሰማት አይችልም፤ በስልክ የሚያዳምጠው ሰው ምቱን የሚከተለው በእንጨቱ ድምፅ ነው፤ በትልቅ ስፒከር የሚሰማው ደግሞ ሁለቱንም ያገኛል።

ስኒው ከዚህ የተለየ ሥራ ይፈልጋል። በኦዳሲቲ ‘ፕሎት ስፔክትረም’ የድምፁን ከፍተኛ ጉብታ ካዩ ስኒው በምን ኖታ እንደሚጮህ ይታወቃል፤ ለምሳሌ ጉብታው 2,093 ኸርዝ አካባቢ ከሆነ ኖታው ሲ ነው። ፋይሉን በኤልኤምኤምኤስ ‘ኦዲዮፋይልፕሮሰሰር’ ላይ ጭነው መነሻ ኖታውን በዚያው ልክ ሲያስተካክሉ፣ አንዲቷ ስኒ በሙሉ ኪቦርዱ ላይ የምትጫወት ደወል ትሆናለች። አንድ ኦክታቭ (ከሲ እስከ ቀጣዩ ሲ ያለው ርቀት) ዝቅ ሲል ድምፁ በእጥፍ፣ ሁለት ኦክታቭ ዝቅ ሲል በአራት እጥፍ ስለሚረዝም፣ ግማሽ ሰከንድ ብቻ የነበረው ጩኸት ሁለት ሰከንድ የሚቆይ፣ ሰፊና ጥልቅ ድምፅ ይወጣዋል።

ዝናቡ ቀላል ነው፤ ከ6,000 ኸርዝ በታች ያለውን አስወግዶ፣ ከ50 እስከ 80 ሚሊሰከንድ የሚሆን ቁራጭ ወስዶ ፌድ አውት ማድረግ ይበቃል።

ከኢንተርኔት የሚወርዱ ሳምፕሎች

የጎደለውን ለመሙላት ቀዳሚው ቦታ ፍሪሳውንድ ነው። በባርሴሎና ፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ቴክኖሎጂ ቡድን በ2005 እ.ኤ.አ. የተጀመረ የድምፅ ክምችት ሲሆን፣ ዋናውን ፋይል ለማውረድ በነፃ መመዝገብ ብቻ ይጠይቃል። ነፃ ማለት ግን ሁልጊዜ እንደፈለጉ ማድረግ ማለት አይደለም። ሲሲ ዜሮ የተባለው ፈቃድ ያለበትን ድምፅ ያለ ቅድመ ሁኔታ መጠቀም ይቻላል፤ ‘አትሪቢውሽን’ ያለበት የሠሪውን ስም እንዲጠቅሱ ያስገድዳል፤ ‘ነን ኮሜርሻል’ ያለበት ደግሞ ለገቢ በሚሠራ ሥራ ውስጥ አይገባም። በፍለጋው ገጽ ላይ በፈቃድ ዓይነት ማጣራት ስለሚቻል ጀማሪው ሲሲ ዜሮን ብቻ መርጦ ቢፈልግ ከብዙ ጣጣ ይድናል። የሌሎቹን ስም፣ ሠሪና ፈቃድ ግን ባወረዱበት ቅጽበት በጽሑፍ ፋይል ያኑሩ፤ ከወራት በኋላ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

ከአሮጌ ካሴት ወይም ሸክላ ላይ የመሰንቆ ወይም የሳክስፎን ቁራጭ ወስዶ ማስገባት የብዙ ወጣቶች ፍላጎት ነው፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ያምራል። ይሁንና የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ድርሰቱንም ቅጂውንም ስለሚጠብቅ፣ እንዲህ ያለውን ሥራ ያለ ፈቃድ ማሠራጨት ያስጠይቃል። ክራር የሚጫወት ጓደኛን ቤት ጋብዞ መቅዳት የተሻለ መንገድ ነው።

ሪትምና ቅኝት

ኤልኤምኤምኤስ ሲከፈት በ4/4 እና በ140 ቴምፖ (በደቂቃ 140 ምት) ይነሳል፤ ይህ ለዳንስ ሙዚቃ እንጂ ለእኛ ጭፈራ አይስማማም። ጊዜውን ወደ 6/8 ሲቀይሩ በምት መደርደሪያው ላይ አንዱ ሜዠር (አንዱ የሪትም ዙር) 12 ሳጥኖች ይኖሩታል። ለመነሻ ኪኩን በ1 እና በ7፣ ጭብጨባውን (በእጅ አጨብጭበው የቀዱትን ወይም ከፍሪሳውንድ ያወረዱትን) በ5 እና በ11፣ የቡናውን ሻከር በጎዶሎ ቁጥር ሳጥኖች ሁሉ ላይ ያስቀምጡ። ቀጥሎ ስኒውን በ1፣ በ5 እና በ9 ሲጨምሩ ሦስት እኩል ምቶች በሁለቱ ላይ ይነባበራሉ፤ የቺክቺካ ዓይነት ሪትም የሚያወዛውዘውም ይህ የሦስትና የሁለት ትግል ነው። ቴምፖውን ሲያስተካክሉ ፕሮግራሙ የሚቆጥረው ሩብ ኖታ መሆኑን ያስታውሱ፤ እግር በደቂቃ 100 ጊዜ እንዲመታ ከተፈለገ መጻፍ ያለበት 150 ነው። ሪትሙ በጣም ቀጥ ያለና የደረቀ ከመሰለ፣ ቀደም ብለው የቆረጧቸውን ሦስት የሙቀጫ ምቶች ያፈራርቁ።

ለዜማው፣ በ1943 እ.ኤ.አ. ጅማ የተወለዱት ሙላቱ አስታጥቄ ቅኝቶቻችንን ከጃዝ ጋር ያዋሃዱበት መንገድ ጥሩ ትምህርት ነው፤ የእኛ አምስት ድምፆች ከውጭ መሣሪያ ጋር አብረው መሄድ እንደሚችሉ በተግባር ያሳያልና። ከሲ ሲነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፤ ባቲ ሜጀር ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ፤ አንቺ ሆዬ ደግሞ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ ነው። በፒያኖ ሮሉ (ዜማ በሚጻፍበት መስኮት) የጎን ቁልፎች ላይ ቀኝ ክሊክ በማድረግ የቅኝቱን ድምፆች በየኦክታቩ ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ከቅኝቱ መውጣት የሚቻለው አውቆ ብቻ ነው። በእጅ የተቃኘ ክራር ከፒያኖው ቁልፍ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ አንድ ግማሽ ቶን 100 ሴንት ስለሆነ፣ የስኒውን ወይም የሲንተሳይዘሩን ‘ፒች’ በጥቂት ሴንቶች እያንቀሳቀሱ ወደ ክራሩ ማስጠጋት ይሻላል። ክራሩን ወደ ኪቦርዱ ማምጣት ግን አልመክርም፤ ለዛው አብሮ ይሄዳል።

መጨረስና ማስቀመጥ

ድምፆቹን ሲያመዛዝኑ የጠቅላላው ድምፅ ዋና መለኪያ ከዜሮ 6 ዴሲቤል ያህል በታች እንዲቆይ ያድርጉ፣ ኪክና ባስ ላይ ሪቨርብ (የማስተጋባት ድምፅ) አይጨምሩ። ትራኩ ሲጫወት ድምፁ ከተቆራረጠ፣ በሴቲንግ ውስጥ የድምፅ በፈሩን (ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማሰማቱ በፊት የሚያጠራቅምበትን መጠን) ከ256 ወደ 512 ከፍ ያድርጉት፤ በማውስ ለሚሠራ ሰው የሚፈጥረው የ12 ሚሊሰከንድ ያህል መዘግየት አይሰማም። ካለቀ በኋላ መጀመሪያ በዌቭ አውጥተው ያስቀምጡ፣ ለጓደኞች በቴሌግራም የሚላከውን ኤምፒ3 ከእሱ ያዘጋጁ።

መብራት በድንገት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ያለው ሰው በሴቲንግ ውስጥ ያለውን ‘ኦቶ ሴቭ’ ሳያበራ ሥራ አይጀምር። የኤልኤምኤምኤስ 1.2 ፕሮጀክት ፋይል ሳምፕሎቹን በውስጡ አይዝም፤ ያሉበትን ቦታ ብቻ ያስታውሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ትራክ አንድ ፎልደር ከፍተው፣ ሳምፕሎቹን፣ የፈቃዱን ጽሑፍና ፕሮጀክቱን አብረው ያስቀምጡ፤ ወደ ፍላሽ ሲገለብጡም ፎልደሩን እንዳለ ይውሰዱት፤ አለበለዚያ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ኪከሩ ብቻ ይመታል፣ ሙቀጫው አይሰማም።