በአምስተኛው ወር እርግዝና የሚያዘናጉ ስህተቶች

ማቅለሽለሹ ለቀቀ። የምግብ ፍላጎት ተመለሰ። ሆድ ገና አልከበደም፤ ከፒያሳ አራት ኪሎ በእግር መሄድም አያስጨንቅም። ከ18ኛው እስከ 22ኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ለብዙ ሴት የእርግዝናው ምርጥ ጊዜ ነው። መዘናጋት የሚመጣውም ለዚሁ ነው።

አልትራሳውንዱን ለ«ወንድ ነው ሴት?» ብቻ መነሳት

ካሳንቺስ ካለ ክሊኒክ ገና ሳትወጪ ቤተሰብ ደውሎ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በዚህ ጊዜ የሚደረገው ምርመራ ዋና ሥራው ግን ሌላ ነው። የጽንሱ አንጎል፣ ልብ፣ አከርካሪና ኩላሊት በየተራ ይታያሉ። የሽርት ውሃው መጠንና የእንግዴ ልጁ ቦታም ይለያል። ስለዚህ ፆታውን ቀደም ብለሽ ብታውቂም ይህኛው አይዘለልም። እንግዴ ልጁ ዝቅ ብሏል ብትባዪ ቶሎ አትደንግጪ፤ ማህፀን ሲያድግ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ይነሳል። ብቻ ድጋሚ የሚታይበትን ቀን ሳትጠይቂ አትውጪ።

ቀን ማምታታት

«አምስት ወሬ ነው» ለሐኪም አይበቃም። የመጨረሻው የወር አበባሽ የጀመረበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር የምታውቂ ከሆነ በዚያው ንገሪ። በራስሽ ወደ ፈረንጅ ስትቀይሪ ነው ሳምንት የሚጠፋው። የመውለጃ ቀን ስሌቱ ቀላል ነው፦ 9 ወር ከ10 ቀን ጨምሪ። መሃል ላይ ጳጉሜ ካለች 9 ወር ከ5 ቀን፤ ጳጉሜ 6 ስትሆን ደግሞ 9 ወር ከ4 ቀን። ጥቅምት 1 ብሎ የጀመረ ሐምሌ 11 ይደርሳል። ጥር 1 ከሆነ ደግሞ፣ 5 ቀን ባላት ጳጉሜ፣ ጥቅምት 6።

አይረንን በቡና መዋጥ

ከጤና ጣቢያ የተሰጠው አይረን ፎሌት ቁርስ ላይ በሻይ ይዋጣል፣ ወይም ቡናው ተፈልቶ ሳለ ትዝ ይላል። ቡናና ሻይ ሰውነት አይረኑን በደንብ እንዳይወስደው ያደርጋሉ። አንድ ሁለት ሰዓት ብታራርቂያቸው ጥሩ ነው፤ በብርቱካን ጭማቂ ከዋጥሽው ደግሞ ይበልጥ ይጠቅምሻል። ሰገራ ጠቆረ፣ ሆድ ደረቀ ብለሽም አታቋርጪው። መጥቆሩ የተለመደ ነው፤ ለድርቀቱ ውሃ፣ ጎመንና ፍራፍሬ አብዢ። ስለ ቡናው ካነሳን፣ አቦል ላይ ማቆም ሳይሻል አይቀርም፤ ቶናና በረካን ለጎረቤት ተዪላቸው። ከሰል ሲነድም መስኮት ይከፈት።

«የተለመደ ማስታገሻ ነው» ብሎ መዋጥ

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ወገብ ሲያም፣ ብሽሽት ሲወጋ ወደ ፋርማሲ ጎራ ብሎ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መግዛት ለብዙዎቻችን ልማድ ነው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግን እነዚህ የጽንሱን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃውን ሊያሳንሱ ይችላሉ። ፋርማሲው መስኮት ላይ ገና ሳትጠየቂ «ነፍሰ ጡር ነኝ» በዪ። ሆድሽ ከሸማሽ ሥር ላይታይ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመከረው ፓራሲታሞል ነው። ሐኪም ለደም ግፊት መከላከያ አነስተኛ አስፕሪን አዝዞልሽ ከሆነ ግን እሱን በራስሽ አታቁሚ።

የባህል መድኃኒትም ያው ነው። ጤና አዳምን በብዛት መጠጣት፣ ኮሶ መጠጣት፣ ሆድ ማሳሸት ለእርጉዝ አይሆንም። ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተትም ይቅር። ክትፎ ካማረሽ በደንብ ይብሰል። «ለሁለት ብዪ» ለሚሉሽ ደግሞ፣ አሁን የሚያስፈልግሽ ጭማሪ አንድ ጥሩ መክሰስ ያህል ነው።

የጽንሱን እንቅስቃሴ ከጓደኛ ጋር ማወዳደር

ሁለተኛዋን የያዘች ጓደኛሽ በ16ኛው ሳምንት ሰማሁ ልትል ትችላለች። ለመጀመሪያ እርግዝና 20ኛው ሳምንት ድረስ ምንም አለመሰማቱ ያጋጥማል፤ እንግዴ ልጁ ከፊት ከሆነም ይዘገያል። 24 ሳምንት ሞልቶ ዝም ካለ ግን ሐኪም ዘንድ ሄደሽ ታዪ።

ሁሉንም በ«የእርግዝና ነው» ማለፍ

ቀኑን ሙሉ ቆሞ የዋለ እግር ማታ ማበጡ የተለመደ ነው። ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጥ፣ የማይለቅ ራስ ምታት ሲመጣ፣ ዓይን ሲደበዝዝ ግን የደም ግፊት ሊሆን ይችላል፤ የእርግዝና ግፊት የሚጀምረው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ነው። መለኪያው 140/90 ከደረሰ አትቀልጂ። ደም ካየሽ፣ ውሃ ከፈሰሰሽ ወይም ትኩሳት ከያዘሽም ለሚቀጥለው ቀጠሮ አታቆዪው፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሂጂ።