ያዘዛችኋት መኪና እስክትደርስ፦ ባህር ዳር ሆኖ መጠበቅና መረከብ

ሰባት ወር ጠበቅኩ። ሰባት ወር ሙሉ ሰፈር ውስጥ ያየኝ ሁሉ "መኪናዋስ?" ይለኛል፣ "መርከብ ላይ ናት" እላለሁ፣ ከሁለት ወር በኋላም መርከብ ላይ ናት፣ በመጨረሻ ጎረቤታችን እትዬ "ኧረ ልጄ ይቺ መርከብ በጣና ነው እንዴ የምትመጣው?" አሉኝ። ሳቅኩ፣ ሆዴን ግን ባር ባር ብሎታል። ያኔ ነው ምን እየጠበቅኩ እንደሆነ እንኳን በደንብ እንደማላውቅ የገባኝ። እናንተም አሁን ከፍላችሁ ቁጭ ካላችሁ ይሄን አንብቡት፣ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

ከጥር 2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ስለተከለከለ አዲስ የቤት መኪና አዘዝኩ የሚል ሰው በአብዛኛው ያዘዘው ኤሌክትሪክ ነው፣ መንገዳችን ላይ የምናያቸው አይዲ ፎር፣ አይዲ ሲክስ፣ ቢዋይዲ ሶንግ ምናምን ደግሞ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ የተሰሩ ናቸው። ይሄን ያዙልኝ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ውሉ። ወረቀቱ ላይ "በ120 ቀን ያስረክባል" ይላል እንበል። 120 ቀኑ ከመቼ ነው የሚቆጠረው? ከከፈላችሁበት ቀን ነው፣ ባንክ ኤልሲ (ለውጭው ሻጭ የክፍያ ዋስትና የሚሆነውን ሰነድ) ከከፈተበት ነው፣ ወይስ መኪናዋ ከፋብሪካ ከወጣችበት? እኔ ከከፈልኩበት ቀን መስሎኝ ጣቴን ስቆጥር ሻጮቹ ገና አንድ ብለው አልጀመሩም ነበር። ከዛ ዋጋው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፣ እንግዲህ አስቡት፣ "ምንዛሬ ሲለወጥ ዋጋው ይስተካከላል" የምትል አንዲት መስመር ላይ የፈረመ ሰው ምን እንደሚጠብቀው። መስመሯ ካለች እስከ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ይጻፍ በሉ። ሌላው ቀብድ የምትለዋ ቃል ናት፣ ቀላል እንዳትመስላችሁ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ነው የሚለው። ስለዚህ የሰጣችሁት ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ ቅድመ ክፍያ የሚለውን ወረቀቱ ይናገር፣ ደላላው "አንድ ነው እኮ ወንድሜ" ቢላችሁም።

አሁን ወደ መጠበቁ። "መቼ ትመጣለች?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ የዚህ ጥያቄ መልስ ሁሌም "በሚቀጥለው ወር" ነው። "አሁን የት ናት? ምን ወረቀት ወጣላት?" በሉ። ፋብሪካ የታዘዘ መኪና መጀመሪያ የትዕዛዝ ቁጥር ብቻ ነው ያለው፣ ሲሰራ ሻንሲ ቁጥር ያገኛል፣ መርከብ ሲጫን ቢል ኦፍ ሌዲንግ የሚባል የጭነት ሰነድ ይወጣለታል፣ ጅቡቲ ደርሶ ወደ ሀገር ሲገባ የትራንዚት ወረቀት፣ ጉምሩክ ሲጨርስ ዲክላራሲዮን። ሻንሲ ቁጥር እስካልተሰጣችሁ ድረስ ያላችሁ ተስፋ ነው፣ መኪና አይደለም፣ ማንም ደስ ስላለው ቀለምና ሞዴል ቢልክላችሁ አትሸወዱ። ቁጥሩ ሲላክ ቁጠሩት፣ 17 መሆን አለበት፣ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደሎች ደግሞ በጭራሽ አይገቡበትም፣ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ ተብለው የተተዉ ናቸው። ለእኔ መጀመሪያ የተላከው 16 ነበር፣ የሻጮቹ ሠራተኛ በእጁ ሲገለብጥ አንድ ዘሎ ነው፣ ከዛ ወዲህ ፎቶ ካልሆነ አልቀበልም አልኩ።

ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ላይ የመርከቧ ስም አለ። ስሙን ማሪን ትራፊክ የሚባለው የመርከብ መከታተያ ላይ አስገብታችሁ በስልካችሁ ማየት ትችላላችሁ። እኔ ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ያቺን ነጥብ ህንድ ውቅያኖስ ላይ ሳያት አድር ነበር፣ ባለቤቴ "እኔን እንደዚህ ጠብቀኸኝ ታውቃለህ?" አለችኝ፣ መልስ የለኝም። አንድ ነገር ግን አትርሱ፣ ጅቡቲ ደረሰች ማለት ደረሰች ማለት አይደለም፣ ማራገፍ አለ፣ ትራንዚት አለ፣ ደረቅ ወደብ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ እኔ ጅቡቲ ስትገባ በግ ልገዛ ነበር። ሌላ ደግሞ ትዕዛዛችሁ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ከሚውለው የቻይና አዲስ ዓመት ጋር ከተጋጨ ፋብሪካውም ወደቡም ይቀዘቅዛል፣ መስከረም 21 አካባቢ የሚጀምረው የእነሱ ብሔራዊ በዓልም እንደዛው። ያኔ ስልክ እየደወላችሁ ደማችሁን አታፍሉ።

በየሁለት ሳምንቱ፣ በአንድ የተወሰነ ቀን፣ በቴሌግራም በጽሁፍ ጠይቁ። ለምን በጽሁፍ ብትሉ "ማነው እንዲህ ያላችሁ?" ሲመጣ ታዩታላችሁ። (ሻጮች ይሄን የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ ልለምናችሁ፣ ደንበኛው ሳይጠይቃችሁ "ዘገየ፣ ምክንያቱ ይሄ ነው" ብትሉ ማንም አይጣላችሁም፣ ስልክ ስታጠፉ ነው ሰው ጨጓራውን የሚታመመው።)

ይልቅ ጊዜውን ቤታችሁ ላይ አውሉት። አብራ የምትመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር ብዙ ጊዜ 10 አምፔር ገደማ ናት፣ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ማለት ነው፣ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት 27 ሰዓት። መብራት ሳይጠፋ! ግድግዳ ላይ የሚገጠመው 32 አምፔር ግን ወደ 7 ኪሎዋት ይሰጣል፣ በ9 ሰዓት ያልቃል፣ ማታ ሰክታችሁ ጠዋት ነው። ለእሱ ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር እና ቢያንስ ባለ 6 የመዳብ ሽቦ ይፈልጋል፣ ከምድጃ መስመር ላይ ቀጥላችሁ አታስቡት። ቆጣሪያችሁ ይችላል አይችልም የሚለውንም አስቀድማችሁ አስጠይቁ፣ ማመልከቻ የሚያስፈልግ ከሆነ ወረፋው ከመርከቧ ጋር እኩል ይሂድ።

ማንም ያልነገረኝ ግን ኧርዙን፣ ወደ መሬት የሚቀበረውን መስመር ነው። ብዙ ቤቶቻችን ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ቀዳዳ አለ፣ ከኋላው ግን ምንም ሽቦ የለም። ቻርጀሯ ደግሞ ኧርዝ ካላገኘች ቀይ መብራት ታበራና እምቢ ትላለች። ወንድሜ መኪናው በመጣለት ቀን ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሰካው፣ ቀይ። ሌላ ክፍል ሰካው፣ ቀይ። ቻርጀሩ ተበላሽቷል ተብሎ አዲስ አበባ ሊላክ ሲል ነው አንድ ኤሌክትሪሺያን መጥቶ ጓሮ የመዳብ ዘንግ ቀብሮ የገላገለው። እናንተ አሁኑኑ አስቀብሩ፣ መስራቱንም አስለኩ።

የቻይናውን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ለቻይና ገበያ የተሰራች ከሆነች መሰኪያዋ ጂቢቲ የሚባለው ነው፣ ሌላ ዓይነት መሰኪያ ያለው ቻርጀር ቦታ አዳፕተር ካልያዛችሁ አትሞሉም። ስክሪኗም ቻይንኛ ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚቀየርም አለ፣ ሳትከፍሉ ጠይቁ። ዋራንቲም ቢሆን ብዙ ፋብሪካ የሚያከብረው መኪናዋ በተሸጠችበት ሀገር ነው፣ እዚህ የሚሰራላችሁ አስመጪው በራሱ ማህተም የጻፈላችሁ ብቻ ነው።

የርክክቡ ቀን። ጠዋት ይሁን። ሶስት ሰዓት፣ ፀሀይ ወጥታ፣ መኪናዋ ታጥባና ደርቃ፣ ደጅ ቆማ። ወንድሜ የተረከበው ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ዝናብ እያካፋ ነበር፣ በማግስቱ ጣና ዳር አቁሞ ሲያያት የግራ የኋላ በሯ ከሌላው አካሏ ትንሽ ነጣ ብሏል፣ የሆነ ቦታ ተጭሮ ተቀብቷል ማለት ነው። ፈርሟላ። ስለዚህ ብዕር ከመያዛችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከፓራውልት ጫፍ በላሜራው ርዝመት በአግድም እዩ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ማየት ምንም አያሳይም። ሻንሲ ቁጥሩን በፊት መስታወቱ ስር አንብባችሁ ከዲክላራሲዮኑ ጋር ፊደል በፊደል አመሳክሩ፣ አንዱ ጮክ ብሎ ያንብብ ሌላው ይከተል፣ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ሊብሬ ልታወጡ ስትሄዱ ነው የምታለቅሱት።

ጎማው ላይ በአራት ቁጥር የሚያልቅ ጽሁፍ አለ፣ 2324 ካለ በ2024 በፈረንጅ፣ በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ አራቱንም እዩ። ንፋሱንም አስለኩ፣ መርከብ ላይ ስለሚቆሙ ከልክ በላይ ተነፍተው ነው የሚላኩት፣ ትክክለኛው ቁጥር ሹፌር በር ላይ ተለጥፏል። ኮፈኑን ክፈቱና ትንሿን 12 ቮልት ባትሪ በቴስተር አስለኩ፣ ወራት ቆማ ስለምትመጣ ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት፣ ተራ የአሲድ ባትሪ ከሆነች 12.6 አካባቢ ጥሩ ነው፣ ከ12 በታች ከሆነ ትቀየር በሉ። ከኋላ ክፈቱ፣ ስኮርት ጎማ አለ? ብዙዎቹ ኤሌክትሪኮች የላቸውም፣ መንፊያና ማጣበቂያ ብቻ ነው፣ እኛ መንገድ ላይ ደግሞ ያለ ስኮርት መውጣት ድፍረት ነው፣ ቸርኬው ስንት ቁጥር እንደሆነ አውቃችሁ ጎሚስታ ጋ ጠይቁ። ሁለት ቁልፍ፣ ቻርጀሯ፣ መጎተቻ ብረቷ። የጎደለ ካለ "እንልክላችኋለን" ሲሉ እሺ በሉ፣ ግን ርክክቡ ወረቀት ላይ "ይሄ ይሄ ይቀራል" ተብሎ በቀን ይጻፍ።

ከዛ የሚያስረክባችሁን ልጅ ወንበር ላይ አስቀምጡትና ስክሪኑን ሲያሳያችሁ በስልክ ቅረጹት። ኤሲ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ የቻርጅ ገደብ፣ ሪጀን (ፍጥነት ስትቀንሱ ባትሪውን መልሶ የሚሞላው) የት እንደሚስተካከል፣ ለጉዞ ተቆልፋ የመጣችበት ሞድ መጥፋቱን። አሁን ገባኝ ያላችሁት ሁሉ ከአዲስ አበባ እየነዳችሁ ጎሃ ጽዮን ስትደርሱ ይጠፋል። የወንበሩን ፕላስቲክ ደግሞ እባካችሁ ቅደዱት፣ በባህር ዳር ሙቀት ፕላስቲክ ላይ ዓመት ተቀምጦ ሱሪው የሚጣበቅ ሰው አውቃለሁ።

የተረከባችኋት አዲስ አበባ ከሆነ ወደ ቤት ለመምጣት መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣርታችሁ ነው፣ ካልሆነ ማስጫን። ለሚነዳ ከአዲስ አበባ ባህር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል 550 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ስክሪኗ 500 ብትልም በቻይና መለኪያ ስለሆነ አትመኗት፣ ደብረ ማርቆስ ወይ ከዛ በፊት የት እንደምትሞሉ በስልክ አረጋግጣችሁ ውጡ። አባይ በረሃ ቁልቁለቱን ሪጀኑ ይይዝላችኋል፣ ፐርሰንቱ ሲጨምር ታያላችሁ፣ ግን ይሄ ባትሪው ላይ ቦታ ካለ ነው፣ ሙሉ ባትሪ ይዞ ቁልቁለት የጀመረ ፍሬኑን ብቻ ነው የሚያቃጥለው። ከድልድዩ ወደ ደጀን ሲወጣ ደግሞ 2.2 ቶን መኪና በየ1,000 ሜትር ከፍታው ብቻ 6 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ይበላል፣ ስለዚህ ያተረፋችሁትን እዛው ትመልሱታላችሁ።

ከገባችሁ በኋላ ጸበሉም ይረጭ፣ ጓደኞቻችሁም "አስመርቅ" ብለው ቀረሶ ዓሣ ያስጠብሱባችሁ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት ግን አንድ ጠዋት ቀንሳችሁ የጎማ ብሎኖቹን አስጠብቁ፣ ንፋሱን ደግማችሁ አስለኩ፣ ኮረኮንች ላይ የሰማችሁትን ድምጽ ሁሉ በቪዲዮ ቅረጹና በዛው ቴሌግራም ላኩላቸው፣ ከርክክቡ ወረቀት ፎቶ ጋር።