ከፍ ለተደረገ ፒክአፕ ትልቅ ጎማ እንዴት ይመረጣል?

ፒክአፑን ከፍ ያስደረገ ሰው ጎማ ሻጭ ዘንድ ሲደርስ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ከእንግዲህ የሚገባለት ትልቁ ጎማ የቱ ነው?» ጥያቄው መገልበጥ አለበት ባይ ነኝ። የምሄድበትን መንገድ የሚያሻግረኝ ትንሹ ጎማ የቱ ነው ብሎ የሚነሳ ሰው ፍሬኑንም፣ ኩሽኔታውንም፣ ነዳጁንም ያተርፋል። ለምሳሌነት የምወስደው በአገራችን በብዛት የሚታየውን ቶዮታ ሃይሉክስን ነው፤ ስሌቱ ግን ለሌላውም ፒክአፕ ያገለግላል።

መኪናው ከፍ ሲል ምን እንደተለወጠ ይወቁ

አዲሱ ሞላና ባሌስትራ ወደ ላይ የሚያነሱት ሻንሲውን፣ ማለትም አካሉ የተቀመጠበትን የብረት መሠረት ነው። የኋላው ዲፈረንሻል፣ ማለትም የሞተሩን ጉልበት ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን፣ ከጎማዎቹ ጋር በአንድ አክስል ላይ ስለተቀመጠ ባለበት ይቀራል። እሱን ከድንጋይ የሚያርቀው ጎማው ብቻ ነው፤ ያውም በዲያሜትሩ ጭማሪ ግማሽ ያህል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላ ነገር አለ። መኪናው ቆሞ ሳለ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሰፊ ክፍተት ይታያል። ሙሉ ጭነት ይዞ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ግን ሞላው እስከ መጨረሻው ይጨመቃል፤ የሞላ ማቆሚያው ላስቲክ ካልተቀየረ በቀር ጎማው ወደ ላይ የሚደርስበት ቦታ መኪናው ከፍ ከማለቱ በፊት ይደርስበት የነበረው ነው። ስለዚህ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ለጎማው 5 ሴንቲ ሜትር ቦታ ሰጠ ማለት አይደለም።

ቁጥሩን አንብበው ያስሉ

በብዙ ሃይሉክሶች ላይ ከፋብሪካ የሚመጣው ጎማ 265/65 አር 17 ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ስፋቱን በመቶኛው ያባዙ፣ ውጤቱን እጥፍ ያድርጉ፣ ከዚያ ቸርኬውን በ25.4 አባዝተው ይደምሩ። ለዚህ ጎማ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል።

አሁን እጩዎቹን ያነጻጽሩ። 265/70 አር 17 ወደ 803 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዲፈረንሻሉን በ13 ሚሊ ሜትር ያነሳል፣ ስፋቱም አይጨምርም። 285/70 አር 17 ወደ 831 ይደርሳል፤ 27 ሚሊ ሜትር ያነሳል፣ ነገር ግን ወደ ጎን ስለሚሰፋ መሪ ሲዞር የመነካካት ዕድሉ ይበዛል። ለአብዛኛው ባለ ሃይሉክስ የመጀመሪያው በቂ ነው የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ሁለተኛው ለሚሻው ሰው ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ምክንያቱም የሚከፈል ዋጋ አለ። ከ776 ወደ 831 ሲሄዱ ዲያሜትሩ በ7 በመቶ ስለሚያድግ የፍጥነት መለኪያው 100 ሲል መኪናው ወደ 107 እየሄደ ነው። ዘይት በ10,000 ኪሎ ሜትር የሚቀይሩ ከሆነም በእውነቱ 10,700 ሄደዋል። የማርሹ ጉልበት በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ በደጋው ስስ አየር ሞተር አስቀድሞ የሚደክም ስለሆነ ዳገት ላይ በግልጽ ይሰማል። ይህን የሚያካክሰው የዲፈረንሻል ጥርስ መቀየር ነው፣ እሱም ውድ ሥራ ነው። ፍሬኑም ያው የድሮው ነው፤ ከባድና ትልቅ ጎማ ለማቆም የበለጠ ይግላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሰው ይህን ቀላል ነገር አድርጎ ማየት የለበትም።

የጎማውን ጥርስ ለሚሄዱበት አፈር ይምረጡ

ከመጠኑ ይልቅ ጥርሱ ብዙ ለውጥ ያመጣል። በጊንጪና በበቾ ያለው የዋልካ አፈር በክረምት የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ሙልጭ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ የጎማው ትልቅነት አይረዳም። ለእንዲህ ዓይነቱ ጭቃ በጥርሶቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ያለው፣ ሲሽከረከር ጭቃውን የሚወረውር፣ «ኤም ቲ» የሚባለው ዓይነት ይሻላል። ጠባብ ጎማ ደግሞ ከላይ ያለውን ስስ ጭቃ ቆርጦ ጠንካራውን መሬት ስለሚያገኝ ብዙ ጊዜ ከሰፊው ይበልጣል። ነገር ግን ኤም ቲ አስፋልት ላይ ይጮኻል፣ መንገዱ ሲረጥብም አይይዝም። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በአስፋልትና በኮረኮንች ለሚሄድ ሰው «ኤ ቲ» የተባለውን መካከለኛ ጥርስ እመክራለሁ።

ወደ አፋር የሚወርድ ሰው ሁለት ነገር ይገጥመዋል፤ አሸዋና ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። ለአሸዋው ነፋሱ እስከ 18 ፒ ኤስ አይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ገደማ ሊቀነስ የሚችል ረጅም ጎን፣ ለድንጋዩ ደግሞ ጎኑ የተደራረበ ጠንካራ ጎማ ያስፈልጋል። ለውበት ተብሎ 20 ኢንች ቸርኬ ማድረግ የጎማውን ጎን ስለሚያሳጥር ሁለቱንም ጥቅም ያሳጣል።

ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ይዩ

ከመጠኑ ቀጥሎ እንደ 112ኤስ ያለ ጽሑፍ አለ። 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው፤ ኤስ በሰዓት እስከ 180 ኪሎ ሜትር መቻሉን ያመለክታል። አዲሱ ጎማ በሸክም ቁጥሩ ከፋብሪካው ማነስ የለበትም። በኦቫል ክብ ውስጥ ያሉት የመጨረሻ አራት አኃዞች የተመረተበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 2323 ከሆነ በ2023 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ነው። ለዓመታት መጋዘን የተቀመጠ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ይደርቃል፤ ርካሽ ቢሆን እንኳ አይግዙት።

ቸርኬውን አይርሱ። 285 ስፋት ያለው ጎማ ቢያንስ 7.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል። ቸርኬው ላይ «ኢ ቲ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ቸርኬው የሚታሰርበት ገጽ ከስፋቱ መሃል በስንት ሚሊ ሜትር እንደሚርቅ ይናገራል፤ ሲያንስ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። ለዓይን ያምራል፤ ነገር ግን መሪ ሲዞር ጎማው ሰፋ ያለ ክብ ይሠራል፣ ኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል፣ ጭቃና ጠጠርም ከኋላ ወዳለው መኪና ይበራል። ከፋብሪካው ቁጥር ብዙ አይራቁ።

አራቱን ከመክፈልዎ በፊት አንዱን ይሞክሩ

ጎሚስታው አንድ ጎማ ብቻ በፊት እግር ላይ እንዲያስር ይጠይቁ። መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝም ወደ ግራም ያዙሩ፤ ከፓራፋንጎው የኋላ ጫፍ፣ ከውስጠኛው ፕላስቲክና ከሻንሲው ጋር ያለውን ርቀት በጣትዎ ይለኩ። ቀጥሎ ያንን ጎማ በዝግታ ከፍ ያለ ጠርዝ ላይ አውጥተው ሞላው ሲጨመቅ ይድገሙት። ወደ ኋላ ሲነዱም ይፈትሹ፤ ወደ ፊት ሲሄዱ የማይነካ ጎማ ወደ ኋላ ሲሄዱ ሊነካ ይችላል። ፕላስቲክ ብቻ የሚነካ ከሆነ ሊቆረጥ ይችላል፤ ብረት ከነካ ግን አንድ መጠን ዝቅ ይበሉ።

ከታሰረ በኋላ

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ቡሎኖቹን እንደገና ያስጠብቁ፣ የጎማ አሰላለፉንም ያስተካክሉ። ስኮርታው አምስተኛው ጎማ መሆኑን ያስቡ፤ አዲሱ መጠን ከካሶኒው ሥር ባለው ቦታ መግባቱን ሳያረጋግጡ ወደ ገጠር አይውጡ። በአራት ጎማ በሚጎትት መኪና ላይ የተለያየ መጠን ያለው ስኮርታ አስሮ ደረቅ አስፋልት ላይ መንዳት ዲፈረንሻሉን ይጎዳል።

የነፋሱ መጠን በበሩ ምሰሶ ላይ ከተለጠፈው ሊለይ ይችላል፤ «ኤል ቲ» የሚል፣ ለቀላል የጭነት መኪና የተሠራ ጎማ ያንኑ ሸክም ለመሸከም ከፍ ያለ ነፋስ ይፈልጋል። መነሻውን ሻጩን ጠይቀው ያስሞሉ፤ ከዚያ በጎማው ጥርስ ላይ ከዳር እስከ ዳር በጠመኔ መስመር አስምረው ደልዳላ አስፋልት ላይ ጥቂት ርቀት በቀጥታ ይንዱ። መሃሉ ቀድሞ ከጠፋ ነፋሱ በዝቷል፤ ዳርና ዳሩ ቀድሞ ከጠፋ አንሷል። መስመሩ እኩል እስኪጠፋ ድረስ በጥቂት በጥቂቱ ያስተካክሉ፤ ጭነት ሲይዙም ለብቻው ይለኩት።