ዩቢኩቲን ላይጌዝን ስታጠኑ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

ሐረርና ድሬ ዳዋ ያሉ የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ፕሮቲን ላይ ምልክት የሚለጥፈው ኢንዛይም፣ ዩቢኩቲን ላይጌዝ ላይ ስንደርስ የሚሳሳቱት ነገር በየዓመቱ ያው ነው። አብዛኛው ስህተት ደግሞ ከአንድ ቦታ ይመጣል። የላይጌዙን ስም ይሸመድዳሉ፣ የትኛውን ፕሮቲን እንደሚይዝ ግን አይጠይቁም።

የድሬ ልጆች «አቦ፣ የሴል ቆሻሻ ጠራጊ ነው በቃ!» ብለው ያልፉታል። ይሄ ትልቁ ስህተት ነው። ላይጌዙ ራሱ ምንም አይቆራርጥም። ሥራው ዩቢኩቲን የምትባለውን ባለ 76 አሚኖ አሲድ ትንሽ ፕሮቲን በተመረጠ ሌላ ፕሮቲን ላይ መለጠፍ ነው። የሚቆራርጠው ፕሮቲያዞም የሚባለው የሴል ማሽን ነው። ከዚያም በላይ የሚለጠፍበት ፕሮቲን ብዙ ጊዜ ቆሻሻ አይደለም፤ ጤነኛ ነው። ሂፍ የሚባለውን ፕሮቲን ውሰዱ። ሴል ሳያቋርጥ ይሠራዋል። ኦክስጅን በበቂ ካለ ቪኤችኤል የሚባል ፕሮቲን ያለበት ላይጌዝ ወዲያው ዩቢኩቲን ይለጥፍበትና ሂፍ ይጠፋል። ኦክስጅን ሲያንስ ግን ሂፍ ይተርፋል፤ ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዝዘው ሆርሞንም ይጨምራል። ከድሬ ዳዋ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር ለሚገባ ሰው ለውጡ ትንሽ ነው፤ ከፍ ያለ ተራራ ላይ ለሚከርም ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ቪኤችኤል ሲበላሽ ሂፍን የሚያስቆመው ይጠፋል፤ የኩላሊት ካንሰር ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይሄ ነው። ሴል ኦክስጅንን እንዴት እንደሚያውቅ የደረሱበት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2019 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል።

ዩቢኩቲን የተለጠፈበት ሁሉ ይጠፋል ማለትም ስህተት ነው። ዩቢኩቲን ራሷ ላይ ላይሲን የሚባሉ 7 አሚኖ አሲዶች አሉ፤ ሌላ ዩቢኩቲን በእነሱ ላይ እየተለጠፈ ሰንሰለት ይሠራል። ሰንሰለቱ በ48ኛው ላይሲን ከተያያዘ ፕሮቲኑ በአብዛኛው ወደ ፕሮቲያዞም ይሄዳል። በ63ኛው ከተያያዘ ግን ብዙውን ጊዜ ለዲኤንኤ ጥገና ወይም መልእክት ለማስተላለፍ ነው። ፈተና ላይ 48 እና 63 ይቀያየራሉ፤ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ብቻ ሸምድዱ ብል አላፍርም።

ተከታትለው የሚሠሩትን ኢንዛይሞች፣ ኢ1፣ ኢ2 እና ኢ3ን ማምታታትም አለ። ኢ1 በኤቲፒ ጉልበት ዩቢኩቲንን ያነቃል፣ ኢ2 ይረከባታል፣ ኢ3 ማለትም ላይጌዙ ማን ላይ እንደምትለጠፍ ይወስናል። ሰው ላይ ኢ1 ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፣ ኢ2 አርባ ገደማ፣ ኢ3 ከ600 በላይ። ለምን ይሄን ያህል በዛ ካላችሁ፣ ምርጫው ያለው እሱ ጋ ስለሆነ ነው።

አሁን ወደምወደው ስህተት ልምጣ። «ይሄ ላይጌዝ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ይሉኛል። ዩቢኢ3ኤ የሚባለውን እዩ። የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ ኤችፒቪ፣ በተለይ ዓይነት 16 እና 18፣ ኢ6 በሚባል ፕሮቲኑ ይሄን ላይጌዝ ይጠልፈዋል። ላይጌዙም ሌላ ጊዜ የማይነካውን ፒ53 እየያዘ ለፕሮቲያዞም ይሰጣል። ፒ53 ከካንሰር የሚጠብቀን ፕሮቲን ነው። ልብ በሉ፣ እዚህ ላይጌዙ አልተበላሸም፤ ዒላማው ነው የተቀየረበት። እ.ኤ.አ. በ2018 በአገራችን ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የጀመረው የኤችፒቪ ክትባት ቫይረሱን ገና ሲገባ ያስቆመዋል።

ያው ዩቢኢ3ኤ ከአንጎል ሲጠፋ ደግሞ አንጀልማን ሲንድሮም ይመጣል። ልጁ መናገር ያቅተዋል፣ ሲራመድ ሚዛኑን ይስታል፣ የሚጥል ሕመም አለበት፣ ግን ብዙ ይስቃል። አንጎል ነርቮች ውስጥ የሚሠራው ከእናት የመጣው ጂን ብቻ ነው። እዚህ ጋ ተማሪ «እንግዲያው ከእናትየዋ ነው» ብሎ ይደመድማል። ይሄን አንድ እናት ፊት እንዳትናገሩት። አብዛኛው ጊዜ የክሮሞዞም 15 ቁራጭ የሚጎድለው እንዲያው በአጋጣሚ ነው፤ እናትየዋ ጤነኛ ናት፣ ያደረገችውም ነገር የለም።

ፓርኪን የሚባለውን ላይጌዝ በተመለከተ በአጭሩ፦ እጁ የሚንቀጠቀጥ አዛውንት ሁሉ የፓርኪን ጂኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ይሄ በይበልጥ የሚታየው የፓርኪንሰን በሽታ በወጣትነታቸው በጀመራቸው ሰዎች ላይ ነው። በጾም ጊዜ ደግሞ «ጾም ሴልን ያጸዳል» የሚለው ወሬ ከዩቢኩቲን ጋር ይደባለቃል። ያ ሴል የራሱን ያረጁ ክፍሎች የሚፈጭበት ኦቶፋጂ የሚባል ሌላ መንገድ ነው፤ እ.ኤ.አ. የ2016 ኖቤል የእሱ ነው፣ የዩቢኩቲን የ2004። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ግን አለ። ፓርኪን የተበላሹ ሚቶኮንድሪያዎች (የሴል ኃይል ማመንጫዎች) ላይ ዩቢኩቲን የሚለጥፈው ለኦቶፋጂ ነው።

የመጨረሻው ስህተት መድኃኒት ላይ ነው፤ የፋርማሲ ልጆች እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ። ቦርቴዞሚብ የሚባለው የካንሰር መድኃኒት ላይጌዝን አያግድም፤ የሚያግደው ፕሮቲያዞምን ነው። ታሊዶማይድም ላይጌዝን አያግድም፤ ሴሬብሎን የሚባል ፕሮቲን ያለበትን ላይጌዝ አዲስ ዒላማ ያስይዘዋል። ሴሬብሎን ላይ እንደሚጣበቅ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ መድኃኒቱ በ1950ዎቹ ለነፍሰ ጡሮች ተሰጥቶ፣ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳያድግ ተወልደው፣ በ1961 ከገበያ መነሳት ከጀመረ ከ50 ዓመት ገደማ በኋላ። ዛሬ መልቲፕል ማይሎማ ለሚባለው የደም ካንሰር ያገለግላል። ሥጋ ደዌ ሕክምና ላይም ስሙ ይነሳል፤ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀው ቢሲዲሞ አጠገባችን ስለሆነ ሐረር ላይ ጥያቄው አይቀርም። ታሊዶማይድ የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ አይገድልም። የሚረዳው በሽታው የሚያስነሳውን አንድ ዓይነት ከባድ የቆዳና የነርቭ ቁጣ ለማስታገስ ነው፤ ባክቴሪያውን የሚገድሉት በጥምር የሚሰጡት መድኃኒቶች ናቸው። ታካሚዋ ማርገዝ የምትችል ሴት ከሆነች፣ የእርግዝና ምርመራ ሳይሠራና አስተማማኝ መከላከያ ሳትይዝ አንድ ፍሬ እንኳ አይሰጣትም።