የፍሪዘር ዓሣ ሽታው ሲበዛ እንዴት ይዘጋጃል?

ከፍሪዘር ወጥቶ የተሠራ ዓሣ ገና ሲጎርሱት «ዓሣ ዓሣ» ካለ፣ ብዙ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ያበዛበታል። አይጠቅምም። ሽታው ያለው ሥጋው ውስጥና ከበረዶው በቀለጠው ውኃ ውስጥ ስለሆነ፣ ቅመም ከላይ ሲጨመርበት ሽታውም ቅመሙም ጎልተው ይወጣሉ። ሽታው መጥፋት ያለበት ዓሣው እሳት ሳይነካው በፊት ነው።

መጀመሪያ ሽታውን ይለዩ

በረዶው ሲለቅ ዓሣውን ቀረብ አድርገው ያሽትቱ። መድኃኒቱ እንደ ሽታው ይለያያል።

የሐይቅ ዓሣ፣ ማለትም ከዝዋይ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞ ወይም ከጣና የመጣ ቆሮሶና አምባዛ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸተው ጭቃ ጭቃ ነው። ይህን ሽታ የሚያመጣው ጂኦስሚን የሚባል ንጥረ ነገር ነው፤ ውኃ ውስጥና አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ይሠሩታል። ዝናብ ሲጀምር ከደረቅ መሬት የሚነሳው ሽታም ከዚሁ ነው። ጂኦስሚን የሚጠራቀመው ስብ ባለበት ቦታ ስለሆነ ቆዳው ሥር፣ ሆዱ አካባቢና ጠቆር ባለው ሥጋ ላይ ይበዛል። ስለዚህ ዋናው መፍትሔ ቢላዋ ነው።

የባሕር ዓሣ ሽታ ሌላ ነው። ሥጋው ውስጥ ትራይሜቲላሚን ኦክሳይድ የሚባል፣ ሽታ የሌለው ንጥረ ነገር አለ። ዓሣው ከሞተ በኋላ ባክቴሪያ ይህን ወደ ትራይሜቲላሚን ይለውጠዋል፤ የታወቀው ሹል የዓሣ ሽታ እሱ ነው። ፍሪዘር ባክቴሪያውን ያስቆመዋል እንጂ አስቀድሞ የተፈጠረውን ሽታ አያጠፋም፤ በረዶው ሲለቅም ሥራው እንደገና ይቀጥላል። ይህኛው ሽታ በሎሚና በአቼቶ ይያዛል፤ አሲድ ሲያገኘው ወደ አየር መትነኑን ያቆማል።

ሦስተኛው የቆየ ዘይት ሽታ ነው። ማኬሬል፣ ሳርዲንና ሳልሞን ስባቸው ብዙ ስለሆነ በፍሪዘር ውስጥም ቢሆን አየር ካገኛቸው ይበላሻሉ። ጠርዙ ቢጫ ብሎ ከሆነ ያንን ቆርጦ መጣል ይቻላል። ሁሉም ቦታ የቆየ ዘይት የሚል ከሆነ ግን ሎሚም ወተትም አይመልሰውም።

በረዶውን ማስለቀቅ

አብዛኛው ዓሣ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሲቸኩሉ ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር፣ ወይም ጠዋት ከፍሪዘር አውጥቶ እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ መተው የተለመደ ነው። መሐሉ ገና ድንጋይ ሆኖ ሳለ ውጪው ይሞቃል፤ ባክቴሪያውም ያን ጊዜ ይነሳል።

ለአንድ ኪሎ ፊሌቶ እንዲህ ያድርጉ። ከፕላስቲኩ ያውጡት፤ ወንፊት ላይ ይደርድሩት፤ ወንፊቱን ጎድጓዳ ሳህን ላይ ያስቀምጡና ከድነው ፍሪጅ ውስጥ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያቆዩት። ማታ ቢያስገቡት ጠዋት ይደርሳል። ወንፊቱ ያስፈለገው ዓሣው በራሱ ውኃ ውስጥ እንዳይተኛ ነው። ሳህኑ ውስጥ የተጠራቀመው ደብዘዝ ያለ ሮዝማ ፈሳሽ ደም፣ ፕሮቲንና ሽታ ነው፤ ይድፉት። መረቅ ይሆናል ብለው ወጥ ውስጥ እንዳይጨምሩት።

ለተመሳሳይ ቀን ከፈለጉት ግማሽ ግማሽ ኪሎ አድርገው ውኃ በማያስገባ ላስቲክ አጥብቀው ይቋጥሩና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንከሩት። ውኃውን በየ30 ደቂቃው ይቀይሩ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ወዲያው ይሥሩት።

አየሩ ተመጥጦ በታሸገ ላስቲክ የመጣ ዓሣ በረዶው ከመልቀቁ በፊት እሽጉ መከፈት አለበት። አየር በሌለበት የሚያድግና መርዝ የሚሠራ ባክቴሪያ በፍሪጅ ቅዝቃዜም ሊራባ ስለሚችል ይህን ቸል አይበሉ።

ሽታው የተቀመጠበትን ቆርጦ ማውጣት

ፊሌቶውን ቆዳው በነበረበት በኩል ገልብጠው ይዩት። መሐል ለመሐል፣ ከጭንቅላቱ ወደ ጭራው የሚወርድ ቡናማ ወይም ጥቁር ቀይ መስመር አለ። ስቡ የበዛው እዚያ ነው። ቀጭን ስለታም ቢላዋ አጋድመው ከመስመሩ ግራና ቀኝ ወደ ውስጥ ይቁረጡና እንደ ቀጭን ገመድ አድርገው ያውጡት። ሦስት አራት ሚሊሜትር ጥልቀት ይበቃል። ከአንድ ፊሌቶ የሚጣለው ጥቂት ነው፤ ጣዕሙ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ግን ከማንኛውም ቅመም ይበልጣል። ጭቃ ጭቃ ለሚል ቆሮሶ ከዚህ የተሻለ ዘዴ የለም። ለአምባዛ ደግሞ ቆዳውን መግፈፍና ቢጫውን ስብ መላጥ ግዴታ ነው።

ሙሉ ዓሣ ከሆነ ሆዱን ከፍተው ከውስጥ የተለበጠውን ጥቁር ስስ ሽፋን በሻካራ ጨርቅ ወይም በደረቅ ጨው ፈትገው ያንሱት። ከዚያ በጀርባ አጥንቱ ሥር የረጋውን ደም በሻይ ማንኪያ ጫፍ ይፋቁት። በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ያለው ቀይ መተንፈሻ ካልወጣ እሱም ይውጣ።

ጨው፣ ከዚያ ሎሚ ወይም ወተት

1 ሊትር በጣም ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ 2 የሾርባ ማንኪያ ጨው ያሟሙ፤ ዓሣውን ለ15 ደቂቃ ይንከሩት። ጨዋማው ውኃ የቀረውን ደም ያወጣል፤ ሥጋውንም ጠበቅ ስለሚያደርገው ሲጠበስ አይፈራርስም። በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ቶሎ ለቅለቅ አድርገው ያውጡት።

የባሕር ዓሣ ከሆነና አሁንም ከሸተተ ግማሽ ሊትር ወተት ውስጥ ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ ይዘፍዝፉት። የወተቱ ፕሮቲን ሽታውን ይይዘዋል፤ ወተቱን ከዚያ ይድፉ። ዓሣ በብዛት የሚገዛው በጾም ስለሆነ ወተት የማይገባባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ለእነሱ የ3 ትናንሽ ሎሚ ጭማቂ ወይም 2 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በግማሽ ሊትር ውኃ በጥብጠው ዓሣውን ለ10 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል። ከዚያ በላይ አያቆዩት፤ አሲዱ ላዩን ያበስለውና ነጭ፣ ደረቅ፣ ፍርፍር የሚል ይሆናል። «በደንብ ይግባው» ተብሎ ሌሊቱን በሎሚ ያደረ ዓሣ መጥበሻ ላይ የሚበታተነው ለዚህ ነው።

ቤኪንግ ሶዳ አይጨምሩ። ሶዳ የአሲድ ተቃራኒ ስለሆነ የታሰረውን ሽታ ይለቀዋል።

ማድረቅና መሥራት

በሶፍት ወይም በንጹሕ ጨርቅ ሶፍቱ እስኪደርቅ ድረስ ይጫኑት። እርጥብ ዓሣ ዘይት ውስጥ ሲገባ ዘይቱን ያቀዘቅዘዋል፤ ያን ጊዜ ዓሣው መጠበሱ ቀርቶ ይቀቀላል፣ ቤቱም ይሸታል። ዱቄት ነስንሰው፣ ትንሽ ዱቄት ጣል ሲያደርጉበት ወዲያው የሚንጫጫ ዘይት ውስጥ ይጨምሩ። አያጨናንቁት፤ አይክደኑትም። ክዳን በእንፋሎት የሚወጣውን ሽታ መልሶ ዓሣው ላይ ያንጠባጥበዋል። በሹካ ሲነኩት መሐሉ ነጭ ሆኖ በቅጠል በቅጠሉ ከተለያየ ደርሷል። ቴርሞሜትር ላለው 63 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው።

ለጉላሽ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ አስቀድመው ይብሰሉ፤ ዓሣው የመጨረሻዎቹ 7 ወይም 8 ደቂቃዎች ላይ ይገባል። ቲማቲሙ ራሱ አሲድ ስላለው ያግዛል። የጥብስ ቅጠል፣ ዝንጅብልና ቃሪያ አሁን በቦታቸው ናቸው፤ ሎሚውን ግን ጥቂት አስቀርተው ከእሳት ሲወርድ ይጭመቁበት።

መጣል ያለበት

በረዶው ለቆ አሞኒያ አሞኒያ ካለ፣ ከታጠበም በኋላ ላዩ ሙልጭልጭ ካለ፣ ወይም በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ከቀረ አይብሉት። ለማኬሬል፣ ለሳርዲንና ለቱና የበለጠ ይጠንቀቁ። በደንብ ሳይቀዘቅዙ ከቆዩ ሂስታሚን የሚባል የሚመርዝ ንጥረ ነገር ይጠራቀምባቸዋል፤ ይህን ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። ሲቀምሱት አፍ ላይ እንደ ሚጥሚጣ ከለበለበ ይትፉት።

ሲገዙና ሲያስቀምጡ

እሽጉ ጥግ ላይ ወፍራም በረዶ የተጋገረበት ዓሣ ቀልጦ እንደገና የቀዘቀዘ ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። ነጭና ደረቅ ነጠብጣብ ያለበትን አየር አግኝቶታል። ቤት ሲደርስ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ይከፋፍሉ፤ አየሩን ጨምቀው አውጥተው በላስቲክ ላይ ላስቲክ ይጠቅልሉ፤ ቀኑንም ይጻፉበት። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ስብ ያነሰው ዓሣ 6 ወር ገደማ ይቆያል፤ ስባሙ ከ2 እስከ 3 ወር ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሙሉ ፍሪዘር ከባዶው ይልቅ ቅዝቃዜውን ስለሚይዝ፣ ክፍት ቦታውን ውኃ በተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይሙሉት።