ትዝታ ላይ የጃዝ ኮርድ ከመድፋታችሁ በፊት

ሰሞኑን ልምምድ ላይ አንድ ልጅ መጣ። ጎበዝ ነው፣ ጣቱ ኪቦርድ ላይ ይሮጣል። ዩቲዩብ ላይ የለቀመውን የጃዝ ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) በሙሉ አንድ ትዝታ ላይ ደፋበት። ዘፋኟ ሁለተኛው ስንኝ ላይ አቆመች። ይህን ነገር ስንት ጊዜ እንዳወራሁት እንጃ፤ ልጻፈውና ልረፍ።

ዋናው ጥፋት ይህ ነው። የዩቲዩቡ ትምህርት «ሲ ሜጀር ባለበት ኤ ማይነር ሰቨን ተካ» ይላል። ለፈረንጅ ፖፕ ይሠራል። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ግን ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። እነዚሁኑ ከኤ ጀምራችሁ ቁጠሯቸው፦ ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ። ባቲ ማይነር! አንድ ኖታ ሳይቀየር፣ ቤዙ (ከታች ያለው ወፍራም ድምፅ) ኤ ላይ ስለተቀመጠ ብቻ ቅኝቱ ሌላ ሆነ። ሰውየው ትዝታ ይዘፍናል፣ እናንተ ከሥሩ ባቲ ትመታላችሁ። መሀል ላይ ለአንድ ባር (ለአንድ ዙር ምት) ማለፊያ ከሆነ ያምራል፣ አልከለክልም። ስንኙ የሚያርፍበት ላይ ካደረጋችሁት ግን ሰውየው ማታ ቤቱ ሲደርስ ቁልፉን ቀይራችሁ ጠበቃችሁት ማለት ነው።

እኔም አድርጌዋለሁ። ክለብ ስሠራ አንድ አንጋፋ ዘፋኝ ከመድረክ ስንወርድ ትከሻዬን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ ትዝታዬን የት ወሰድክብኝ?» አሉኝ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ሲ ሜጀር ሰቨንም (ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ቢ) እንደዚሁ ነው። ዜማው ሲ ላይ ረዘም ብሎ ሲያርፍ የእናንተ ቢ ከጎኑ ተጣብቃ ትጎረብጣለች። ሲ ሲክስ ናይን ምቱ። ድምፆቹ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ዲ ናቸው፤ ትዝታው ራሱ በአንድ እፍኝ! ትዝታ ማይነር ላይ (ሲ፣ ዲ፣ ኢ ፍላት፣ ጂ፣ ኤ ፍላት) ደግሞ ሲ ማይነር ሰቨን አትምቱ፤ ቢ ፍላቷ ቅኝቱ ውስጥ የለችም። ኤ ፍላት ሜጀር ሰቨን ሞክሩ፣ አራቱም የቅኝቱ ድምፆች ናቸው። ዲን ከላይ ጣል ስታደርጉባት አምስቱም ሞሉ። ቤዙ ግን ሲን አይልቀቅ፣ አለዚያ ወደ መጀመሪያው ጥፋት ተመለስን።

ጂ ሰቨንን በዲ ፍላት ሰቨን መተካት የሚወድ ብዙ ነው። ዜማው ጂ ላይ ከሆነ ግሩም። ሲ ላይ ከሆነ ጆሮ ያማል፣ ምክንያቱም ያቺው ቢ ኮርዱ ውስጥ አለች።

ቤዝ ጊታር ካለ ግራ እጃችሁን ከታች አንሱ።

ችክችካ ላይ በየምቱ ኮርድ መቀየር? ተዉ።

«ታዲያ ጃዙ የቱ ጋ ነው?» ለምትሉ የሙላቱ አስታጥቄን የ1960ዎቹንና የ70ዎቹን ሥራዎች (በፈረንጅ አቆጣጠር) ቁጭ ብላችሁ ስሙ። ብዙ ቦታ ቤዙ አንድ መስመር እየደጋገመ ቤቱን ይጠብቃል፣ ኮርዱ ጥቂት ነው፣ ቅኝቱም አይጠፋም። ሰውየው ለንደንም ቦስተንም ተምሯል፤ ኮርድ አጥሮት አይደለም።

ልጁ በመጨረሻ ሦስት ኮርድ ብቻ አስቀረ። ዘፋኟም እስከ መጨረሻው ዘፈነች። ኤ ማይነሯን አንድ ማለፊያ ላይ ደብቆ ይዟታል። ሰምቻለሁ፣ ዝም አልኩት።